ክር የዋጠችው ወይዘሮ

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ዶሮዋ የታመመች ዕለት ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ የተሰማት ነገር ደስታ ነበር። ቤቱ ጭጭ ብሏል። ሻዩ ቀዘቀዘ የሚል የለ፣ ዳቦው ደረቀ የሚል የለ፣ "አንዳንድ ሰው ፀሐይ ካልጠበሰው አይነሳም" የሚል የለ። ልትሰፋ የተቀበለችውን የተማሪ ዩኒፎርም ደርድራ፣ እግሯን የስፌት መኪናዋ መርገጫ ላይ አሳርፋ፣ "ተመስገን! ዛሬስ ሰላም ልውል ነው" አለች። እስኪ እናንተም በሷ ቦታ ሁኑና ፍረዱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባሏ እናት፣ ሰፈሩ ሁሉ እማማ የሚላቸው፣ ከሷ ጋር በቀጥታ አይነጋገሩም። ኩርፊያው የመጣው በካፖርት ነው። እማማ ወደዚህ ቤት ሲገቡ የሟች ባላቸውን ካፖርት ለብሰው ነው የመጡት፤ ትከሻው ክንዳቸው ላይ ወርዶ፣ እጅጌው ጣታቸውን ውጦ። ሰፊዋ ደግሞ እጇ አያርፍም። አንድ ቀን እሳቸው ጋደም ሲሉ ካፖርቱን ወስዳ ትከሻውን አጠበበች፣ እጅጌውን አሳጠረች፣ ገበሩን ቀየረች፣ በካውያ ቀጥ አድርጋ በሩ ላይ አንጠለጠለችላቸው። ምርቃት ስትጠብቅ፣ እማማ ክንዳቸውን በእጅጌው አስገቡ፣ መልሰው አወጡ። ከዚያ ወደ ዶሮዋ ዞረው፣ "ወይዘሮ፣ አየሽልኝ አይደል? የሰውዬዬን እጅ ቆረጡት" አሉ። ከዚያ ወዲህ ለሰፊዋ ያላቸውን ነገር ሁሉ የሚናገሩት ለዶሮዋ ነው።

ወይዘሮ ማለት ዶሮዋ ናት። ቀይ ናት፤ እንቁላል መጣል ካቆመች ሰንብታለች፤ አረማመዷን ያየ ግን የቤቱ ካርታ በስሟ የወጣ ይመስለዋል። እማማ፣ "ወይዘሮ፣ ሾርባው ውስጥ ጨው የሚጨመረው በአካፋ ነው እንዴ?" ይላሉ። ሰፊዋም ጥርስ አላት፤ "ወይዘሮ፣ ጨው የበዛበት ሰው ውሃ ይጨምርበት በያቸው" ትላለች። ዶሮዋ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አንገቷን እያዞረች ታዳምጣለች። ቤቱ በዚህ አኳኋን ይተዳደር ነበር፤ አይገርምም?

የዚያን ዕለት ጠዋት ሰፊዋ የያዘችውን ሱሪ ሳትጨርስ እማማ የሥራ ክፍሏን በር በክርናቸው ገፍተው ገቡ። ዶሮዋን አቅፈዋታል። መጥተው የመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ፣ አዲስ በተቆረጠው ጨርቅ መሃል አስቀመጧት። ሌላ ቀን ቢሆን ሰፊዋ ቤቱን በጩኸት ታናጋው ነበር። ዶሮዋ ግን ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አንገቷን ትከሻዋ ውስጥ ቀብራ ቁጭ አለች። ከአንገቷ ሥር፣ ደረቷ ላይ፣ ትልቅ ሎሚ የሚያህል ነገር አብጧል።

"ወይዘሮ፣" አሉ እማማ፣ "ምነው? ምን አገኘሽ?"

የሰፊዋ ደስታ የት እንደገባ እንጃ። ይህች ዶሮ ከሞተች ምን እንደሚመጣ አሳምራ ታውቃለችና! እማማ ድሮ ብቻቸውን ይኖሩ የነበረው ደረጃው በተሰባበረ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። አንድ ጠዋት ወጥ ቤታቸው ውስጥ አዳልጧቸው ወደቁ፤ መነሳት አቃታቸው፤ ወተት አመላላሹ አመሻሹ ላይ በር እስኪያንኳኳ ድረስ ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ ዋሉ። ልጃቸው፣ የሰፊዋ ባል፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ወሬውን ሲሰማ መኪናውን አዙሮ መጣና እያለቀሰ ለምኖ ወደ ቤቱ አመጣቸው። እሳቸውም እሺ ያሉት በአንድ ቃል ነው፦ "ዶሮዬ ካለች አለሁ። እሷ በሌለችበት ቤት አንድ ቀን አላድርም። የቤቴ ቁልፍ ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው።" እማማ ደግሞ ያሉትን የማያጥፉ ሰው ናቸው። ዶሮዋ ሞተች ማለት እሳቸው ወደዚያ ቤት ሄዱ ማለት ነው፤ ሄዱ ማለት አንድ ቀን ይወድቃሉ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ወተት አመላላሹ ላይመጣ ይችላል። ሹፌሩ ሰሞኑን ሩቅ አገር ጭነት ይዞ ሄዷል። ሲወጣ "እናቴን አደራ" ያለው እሷን ነው።

ደግሞም፣ ለማንም አትናገረውም እንጂ፣ አሮጊቷን ለምዳቸዋለች። ስድባቸውንም ለምዳዋለች።

"አትሞትም!" አለች ሰፊዋ፣ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ። "በኔ ቤት፣ በኔ ጠረጴዛ ላይ? አታደርገውም!"

ዋናው መንገድ ላይ ወዳለው የእንስሳት ክሊኒክ ስትደውል፣ ሐኪሙ ከብት ሊከትብ ከከተማ ወጥቶ ኖሯል። በረት ውስጥ ሆኖ ነው ያነጋገራት፤ ከጀርባው ላም እምቧ ትላለች።

"ዶሮ የበላችውን መጀመሪያ የምታጠራቅመው እዚያ ያበጠው ቦታ ነው፤ ከረጢት በይው፣" አላት። "ጠዋት ባዶ ሆኖ ማደር ነበረበት። እስኪ ዳበስ አድርጊው። ለስላሳ ነው ጠንካራ?"

"ድንጋይ ነው።"

"እንግዲያው ተዘግቷል። እህል የሚባል ነገር እንዳታሳያት። ለብ ያለ ውሃ በትንሽ ዘይት፣ ጠብ ጠብ እያደረግሽ ስጫት፤ ከዚያ በጣትሽ ቀስ እያልሽ እሺው። ውሃው ሳንባዋ እንዳይገባ አንገቷ ቀና ይበል። ነገ ጠዋት ክሊኒክ አለሁ፤ ካልላላላት ይዘሻት ነይ።"

ሰፊዋ ወገቧን ጠበቅ አደረገች። ከመድኃኒት ቤት መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ገዝታ መጣች። የክር ካርቶኗን ገልብጣ ፎጣ አነጠፈችበት፤ ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ዶሮዋ ጎን ሸጎጠችላት። ዶሮዋ ግን ምስጋና አታውቅም። የመጀመሪያውን ጠብታ ራሷን አራግፋ የሰፊዋ ፊት ላይ ረጨችው። በሁለተኛው አውራ ጣቷን ነከሰቻት።

"ንከሺ!" አለቻት ሰፊዋ ፊቷን በክንዷ እየጠረገች። "እንደፈለግሽ ንከሺ፣ ብቻ ዋጪ!"

እማማ ወንበር ስበው ተቀምጠው፣ ከዘራቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ይመለከታሉ። "ወይዘሮ፣" አሉ፣ "የያዘሽ እጅ ሱሪ እንጂ ዶሮ ይዞ አያውቅም።"

"ወይዘሮ፣ የሚያውቁ ካሉ መጥተው ይያዙ በያቸው።"

እማማ ተነስተው መጡና ያዙ። ክንፎቿን በሁለት መዳፋቸው እቅፍ አድርገው ሲይዟት ዶሮዋ እርግፍ አድርጋ ተወችው፤ ዋጠች። እንዲህ ሆነው፣ አንዷ እየያዙ አንዷ ጠብ ጠብ እያደረገች፣ አንዷ እያሸች አንዷ እየተቆጡ ረፋዱን ገፉት። አጥር የሚጋራቸው ብስክሌት ጠጋኝ ድምፅ ሰምቶ አንገቱን በመስኮት አስገባ።

"ምን ትለፋላችሁ?" አለ። "ያረጀች ዶሮ ናት። ድስቱን ጣዱ፣ ሽንኩርቱን እኔ ይዤ እመጣለሁ።"

ሰፊዋ ቀና እንኳ አላለችም። "አንተም አርጅተሃል፤ ማን ድስት ጣደብህ?"

እማማ ሳቃቸው አመለጣቸው። ቶሎ ብለው ሳል አስመሰሉት።

ጉዱ የወጣው ከሰዓት በኋላ ነው። እማማ ፊታቸውን ሊታጠቡ ወጣ ብለዋል። ሰፊዋ ከረጢቱን ስታሽ ዶሮዋ አፏን ከፈተች፤ በምንቃሯ ጥግ አንዲት ቀጭን ነገር ብቅ አለች። ሰፊዋ ሣር መሰላት። ቀረብ ብላ አየች። አረንጓዴ ክር ነው። ያውም የዩኒፎርሙ ክር፣ ሰሞኑን ከጣቷ ያልተለየው ክር።

ቀልቧ ተገፈፈ። ክር እንዴት ዶሮ ሆድ ውስጥ ገባ ብላችሁ አትድከሙ፤ እሷ ወዲያው አውቃዋለች። ዝናቡ በበረታበት ሰሞን እማማ ከቤት መውጣት ሲያቅታቸው አሽሙራቸውም በርትቶ ነበር። ታዲያ ሰፊዋ ዘዴ አገኘች። ዶሮዋን በዳቦ ፍርፋሪ እያባበለች ወደ ሥራ ክፍሏ ታስገባና በሩን ዘጋ ታደርጋለች። ለዶሮዋ አዝና እንዳይመስላችሁ! ዶሮዋ ከሌለች እማማ በማን በኩል ይናገራሉ? አፋቸውን ሰረቀቻቸው ማለት ነው። ፍርፋሪውን የምትበትንላት ደግሞ የት ነው? ከስፌት መኪናው ሥር፣ የክር ብጥስጣሽ ሁሉ በሚወድቅበት። ዶሮ ደግሞ ዶሮ ናት፤ ፍርፋሪና ክር እያማረጠች አትበላም። ስትጭር፣ ስትለቅም፣ ስትውጥ ከርማለች። ሰፊዋ ከላይ ሆና፣ እግሯ ሥር የምታንጎራጉረውን ዶሮ እየሰማች፣ "አይ ሰላም!" ስትል ነበር።

የተንጠለጠለ ክር ያየች ሰፊ መጎተት ልማዷ ነው። በሁለት ጣቷ ይዛ ሳብ አደረገችው። ክሩ አልመጣም፤ የዶሮዋ ራስ ግን አብሮ መጣ፣ ዓይኗ ፈጠጠ። ሰፊዋ እጇ እሳት እንደነካ ለቀቀችው። ሮጣ ስልኳን አነሳች።

"እንዳትጎትቺ!" ጮኸባት ሐኪሙ። "ውስጡ ተቋጥሮ ይሆናል፣ ትቀጃታለሽ! ጫፉን ቁረጪውና ተይው። ጠዋት በማለዳ ይዘሻት ነይ።"

እማማ ሲመለሱ የሰፊዋን ፊት አዩ። "ወይዘሮ፣ ምን አገኙብሽ?" አሉ።

ሰፊዋ የተቆረጠችውን ጫፍ በመዳፏ ጨብጣ፣ "ወይዘሮ፣ ምንም አልተገኘም በያቸው" አለች። እንዲህ ዓይን አውጥታ ዋሸች። ከዚያ በኋላ ግን የዋለችው ሱሪ ሳትሰፋ፣ መጥረጊያ ይዛ የመኪናዋን ሥር ስትጠርግ ነው።

ጠዋት ዶሮዋ ከካርቶኗ ራሷን ማንሳት አቃታት። ከአፏ የሚወጣው ሽታ እንደ ጎመዘዘ ሊጥ ሆኗል። ሰፊዋ ካርቶኑን በሻርፗ አሰረች። ብቻዋን ልትሄድ በሩን ስትከፍት እማማ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ደጃፉ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ያቺን በሷ እጅ የጠበበችዋን ካፖርት ሲለብሷት ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ልክ ሆናላቸዋለች። ይህን ለመናገር ግን ቀኑ አልነበረም።

አውቶቡስ ውስጥ እማማ ካርቶኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ሰፊዋ አጠገባቸው ቆማ፣ አውቶቡሱ በጎረበጠ ቁጥር ካርቶኑን በአንድ እጇ፣ የእማማን ትከሻ በሌላ እጇ ትይዛለች። እማማ እጇን ከትከሻቸው ላይ አላነሱትም።

ሐኪሙ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ቁጡ ሰው ነው። ዶሮዋን ብረት ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ፣ ከረጢቱን ዳሰሰ፣ አፏን ከፍቶ አየ፣ ጆሮውን ደረቷ ላይ ለጠፈ።

"ዶሮዋ የማናት?" አለ። "መክፈት አለብኝ። በጣም ደክማለች፤ እጄ ላይ ልትቀር ትችላለች። ካልከፈትኩት ደግሞ እስከ ነገ አትደርስም። ባለቤቷ ትወስን።"

ሰፊዋ እንደ ልማዷ ዓይኗን ወደ ዶሮዋ ላከች። ዶሮዋ ተዘርራ ራሷንም አታውቅ። ታዲያ አሁን በማን በኩል ይነገር? ሰፊዋ እጆቿን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ ወደ እማማ ዞረች።

"እማማ፣" አለች። ቃሉ አፏ ውስጥ እንግዳ ሆነባት። "ጥፋቱ የኔ ነው። ሆዷ ውስጥ ያለው ክር ነው፤ የኔ ክር ነው። እርስዎ የሚናገሩባት አጥተው ዝም እንዲሉልኝ ብዬ፣ በፍርፋሪ እያታለልኩ መኪናዬ ሥር ያዋልኳት እኔ ነኝ። ትናንትም አይቼው ዋሸሁዎት። አሁን ሊከፍታት ነው። ብትሞትም ብትድንም ያው ናት፣ የእርስዎ ናት። እርስዎ ካልፈቀዱ ማንም አይነካትም።"

እማማ ትክ ብለው አዩዋት። ሰፊዋ ስድብ ጠበቀች፤ ሲብስም ከዘራ ጠበቀች።

"በካፖርቱ ጊዜ እንዲህ ብትጠይቂኝ ኖሮ፣" አሉ እማማ፣ "እሺ እልሽ ነበር።"

ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞሩ። "ክፈታት። እኛ እንይዝልሃለን።"

እኛ አሉ። ሰፊዋ እንባዋ መጣ፤ ለእንባ ጊዜ ስላልነበረ መለሰችው። እማማ ክንፎቹን ያዙ፣ ሰፊዋ የዶሮዋን ራስ ያዘች። ሐኪሙ ማደንዘዣ ወጋት፣ ላባዋን ነቀል ነቀል አደረገ፣ ቆዳዋን ጣት በማይሞላ ርዝመት ከፈተ፣ ከሥሩ ከረጢቱን ከፈተ። በመቆንጠጫው የያዘውን ሲስብ ይመጣል፣ ይመጣል፣ አያልቅም፤ አረንጓዴ ክር፣ ነጭ ክር፣ ጥቁር ክር፣ ሣር ተጠምጥሞበት፣ የዳቦ ሊጥ ተለስኖበት፣ መሃሉ ላይ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ። ሰፊዋ እያንዳንዱን ክር ከየትኛው ልብስ እንደሆነ እያወቀች ታየዋለች። ዶሮዋ አንዴ ትንፋሿ ጠፋ። "አለች?" አሉ እማማ። ሰፊዋ አውራ ጣቷን የዶሮዋ ጉሮሮ ላይ አድርጋ፣ "ተንፍሺ! አንቺ ግትር፣ ተንፍሺ!" አለች። ዶሮዋም ተነፈሰች።

ሐኪሙ መጀመሪያ ከረጢቱን፣ ከዚያ ቆዳውን ለየብቻ ሰፋ። "የኔ ሥራ አለቀ፣" አለ ጓንቱን እያወለቀ። "ማዳኑ ቤት ነው። ለስላሳ ነገር፣ በጥቂት በጥቂቱ። ቁስሉ እንዳይረጥብ። ደግሞ ስፌቱን በምንቃሯ እንዳትነካው ጠብቋት፤ ከፈታችው አበቃላት።"

ዶሮዋ ቤት ገብታ ማደንዘዣው እንደለቀቃት መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ስፌቱን በምንቃሯ መንካት ነው። ሰፊዋ እጇን ጣልቃ አስገባች፤ እጇ ተነከሰ። ፋሻ ጠመጠመችላት፤ ፈታችው። እማማ አጠገቧ ተቀምጠው "ተይ! ተይ አልኩሽ!" ይላሉ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ። ሰፊዋ እልህ ያዛት።

"እንግዲያው እንተያያለን፣" አለችና ሜትሯን አንገቷ ላይ አደረገች።

የዶሮ ልብስ ሰፍታ አታውቅም። ደረት ለካች፣ አንገት ለካች፣ የክንፍ መውጫ ለካች። የመጀመሪያው ጠበበና ዶሮዋ በጎኗ ወደቀች። ሁለተኛው ሰፍቶ እግሯ ገባበት። በሦስተኛው፣ ከዩኒፎርም ቁራጭ፣ ደረቷን ግጥም አድርጎ የሚሸፍን፣ ጀርባዋ ላይ በሁለት ቁልፍ የሚቆለፍ አረንጓዴ ሰደርያ ወጣላት። ዶሮዋ ምንቃሯን ሰነዘረች፣ ጨርቅ አገኘች፣ ደግማ ሰነዘረች፣ ጨርቅ። ከዚያ በንዴት እንደ ተገረፈ ተማሪ ጥግ ይዛ ቆመች።

"ትምህርት ቤት ልትገባ ነው?" አሉ እማማ። አሁን የሚያነጋግሩት ሰፊዋን ነው።

"ኮሌጅ ነው እንጂ! በዚህ ዕድሜዋ አንደኛ ክፍል ማን ይቀበላታል?"

ሳቁ ግን አልቆየም፤ ዶሮዋ አልበላ አለች። ሰፊዋ ሩዝ ቀቅላ እንደ አጥሚት አቀጠነችው፣ የእንቁላል አስኳል ደፈቀችበት፣ በሲሪንጅ ጠብ አደረገችላት። አንዱን ትውጣለች፣ ሁለቱን ትተፋለች። በማግስቱ ያንኑ ሠራች። ከዚያም በኋላ ያንኑ። ብስክሌት ጠጋኙ በመስኮት አይቶ፣ "እስካሁን አልተውሽውም?" ሲላት፣ "ብስክሌት መሰለችህ እንዴ፣ ሳልጨርስ የማቆማት?" አለችው። ዶሮዋ ሲበርዳት ሰፊዋ ጃኬቷ ውስጥ ከታት፣ ራሷን ብቻ በአንገትጌዋ አውጥታ፣ እንደዚያው ሆና ኪስ ትሰፋለች። ስትሰፋም ታወራታለች፤ "ዋ! ብትሞቺ አልለቅሽም። ሰምተሻል? ለኔ ብለሽ ሳይሆን ለእሳቸው ብለሽ ኑሪ" ትላታለች። ሹፌሩ ከመንገድ ደውሎ "ዶሮዋ እንዴት ናት?" ሲል፣ እማማ ስልኩን ነጥቀው፣ "ዩኒፎርም ለብሳ ሚስትህ ብብት ውስጥ ናት፤ አንተ መንገድህን እይ" አሉትና ዘጉበት። ምን እንደገባው እንጃ።

ከዚያ አንድ ጠዋት እማማ ጮኹ። ሰፊዋ ልቧ ተሰቅሎ፣ የጥርስ ብሩሿ አፏ ውስጥ እንዳለ ሮጣ መጣች።

"ኩስ!" አሉ እማማ ካርቶኑን እያመለከቱ። "ኩስ ጣለች! እዪ እንጂ!"

እውነትም ጥላለች፤ ያውም ደህና አድርጋ። ሁለቱ ሴቶች ካርቶኑ ላይ ተደፍተው፣ ወርቅ እንዳገኘ ሰው ኩስ ሲያደንቁ የተመለከተ፣ አብደዋል ይላል። ይበል! እማማ የሰፊዋን ክንድ ጨብጠው ይዘዋል፤ ጣቶቻቸው ያማሉ፤ ሰፊዋ አላወጣችውም። ዶሮዋ ያን ቀን ሩዙን ከሳህን ራሷ ለቀመች፤ ሰነባብታም የሰው ዳቦ ከእጅ ላይ መንጠቅ ጀመረች። ሐኪሙ ስፌቱን ሲያወጣላት ነከሰችው፤ እሱም፣ "ድናለች፣ ውሰዱልኝ" አለ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን አላለቀም።

ከክሊኒክ በተመለሱ ማግስት እማማ ሻንጣቸውን ይዘው፣ ዶሮዋን አቅፈው የሥራ ክፍሉ በር ላይ ቆሙ።

"እግዜር ይስጥልኝ፣" አሉ። "ወይዘሮ ድናለች። እንግዲህ እኛ ቤታችን እንሂድ።"

ሰፊዋ የሰማችውን ማመን አቃታት። "የት ነው የሚሄዱት?"

"ቤቴ ነዋ! እዚህ ክር ነው። ዛሬ ብትድን ነገ ደግሞ ትውጣለች። ዳግመኛ ስትቀደድ ማየት አልችልም።"

እስኪ ይኸ ፍርድ ነው? እሳቸው እንዳይሄዱ ብላ ያዳነቻት ዶሮ ይዛቸው ልትሄድ! ሰፊዋ እሳት ጎርሳ ከመኪናዋ ተነሳች።

"አይሄዱም!"

"ማን ሊከለክለኝ?"

"እኔ! ክፍሉን ቆልፌ ነው የምሠራው። ወለሉን ደጋግሜ እጠርጋለሁ። አንዲት ብጣሽ ክር ከዚህ በር ካለፈች እጄ ይቆረጥ!"

"ለአንዲት ዶሮ ብለሽ?"

"የምን ዶሮ!" አለች ሰፊዋ። "ዶሮዋንስ እወዳታለሁ፣ ትኑር። ግን ይህን ሁሉ የለፋሁት ለእርስዎ ነው። እንዳይሄዱብኝ ነው። ብቻዎን እዚያ ሲሚንቶ ላይ ወድቀው ሲውሉ እየታየኝ፣ ሆዴ አልችል ብሎ ነው! ይስደቡኝ፣ በዶሮ በኩል ይስደቡኝ፣ በፈለጉት በኩል ይስደቡኝ፤ ብቻ እዚህ ሆነው ይስደቡኝ።"

እማማ ሻንጣውን መሬት አስቀመጡት። ከዘራቸው ላይ ተደገፉ። ሲናገሩ ሰፊዋን አያዩም፤ ወለሉን ነው የሚያዩት።

"ያን ቀን ስወድቅ ተጣራሁ፣" አሉ። "ልጄን በስልክ ጠራሁት፤ እሱ መንገድ ላይ ነው፣ ስልኩ አይሠራም። ጎረቤት ጠራሁ፤ የሚሰማ የለም። ኋላማ የሞተውን ሰውዬዬን ሁሉ ጠራሁት። የመጣችልኝ ይህች ናት። ከጓሮ ገብታ መጥታ ብብቴ ሥር ገባች፤ በሩ እስኪንኳኳ አልተነሳችም። አንቺን አልጠራሁሽም። ስልኩ እጄ ሥር ነበር። ብጠራሽ የምትመጪ አልመሰለኝም።"

ሰፊዋ እመጣ ነበር ልትል ፈለገች። ግን ያን ጊዜ ትመጣ እንደነበር ራሷም በደንብ አታውቅም፤ ለእኚህ ሴት ደግሞ ዳግመኛ መዋሸት አልፈለገችም።

"አሁን ይጥሩኝ፣" አለች። "ጠርተው ይዩኝ።"

እማማ ሻንጣቸውን አንስተው፣ ዶሮዋን አቅፈው ወደ መኝታ ክፍላቸው ገቡና በሩን ዘጉ። ሰፊዋ ተመልሳ መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። እማማ ሻንጣቸውን እያሰሩ ይሁን እየፈቱ የምታውቀው ነገር የለም። ክሩን መርፌው ዓይን ውስጥ ለማስገባት ብትሞክር አልገባልሽ አላት።

"አንቺ ልጅ!"

ሰፊዋ ወንበሯን ገልብጣ ነው የተነሳችው። "አቤት!" እያለች፣ ጉልበቷን ከጠረጴዛው ጋር አጋጭታ፣ በሩን ከፈተች። እማማ አልጋቸው ጫፍ ላይ ዶሮዋን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሻንጣው እግራቸው ሥር እንደታሰረ ነው።

"ምን ልታዘዝ?"

"ምንም። ትመጪ እንደሆነ ላይ ብዬ ነው።"

"መጣሁ።"

"አየሁ። በይ ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ።"

ሄደች። ወንበሯን አቃንታ ገና ሳትቀመጥ፣ "አንቺ ልጅ!" አሏት። "አቤት!" ብላ ሮጠች። ያን ጊዜ ሻንጣው አልጋው ላይ ወጥቶ ተከፍቷል። ጥቂት ቆይተው ደግሞ ጠሯት፤ ካፖርቱ በሩ ላይ ተሰቅሏል። እማማ ምንም አልፈለጉም፤ "መጣሽ?" ይላሉ፤ "መጣሁ" ትላለች፤ ትመለሳለች።

ያን ቀን ከዩኒፎርሙ አንድም አላለቀም። እማማ እስኪመሽ ተጣሩ፤ ሰፊዋም በተጠራች ቁጥር ሄደች።